በሚስቴ ስም የሰጠሁት ሽንት

ያ ሽንት የእኔ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ፣ ሚስቴም በጆሮዋ ሰምታዋለች። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ከእርሻ መልስ ስለሆነ መስመሬ እንደ ተማሪ መስመር ቀጥ አይልም። ነገሩ ግን እንዳለ ነው።

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ድሮ ሰው እንዲህ ሲለኝ ዱላ አነሣ ነበር፤ አሁን ራሴ እለዋለሁ። የልጆቼን እናት ሞት ወሰደብኝ። ልጆቼም አድገው ጎጆ ወጡ። ስድስት ክረምት ብቻዬን ከረምሁና ይችን አሁን ያለችውን አገባሁ። እኔ ስድሳን ተሻግሬያለሁ፤ እሷ ሠላሳ አራት ነበረች። የፊት ባሏ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ወደ አባቷ ቤት መልሷታል። እኔ ለልጅ ብዬ አላገባኋትም፤ ልጅማ ነበረኝ። ያገባኋት ስትስቅ አይቻት ነው። ወገዳ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ አንድ ሰው ዋጋ ቀንሺ ብሎ ሲከራከራት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ሰውዬው ያለችውን ከፍሎ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያንን ሳቅ ለሌላ ሰው ስትስቀው ማየት ከዚያ ወዲህ አልወድም። ገበያ ስትሄድ ምንም የምገዛው ሳይኖረኝ እከተላታለሁ። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሰላም ሲላትና ሰላምታው ሲረዝም ሆን ብዬ አስላለሁ። አገር ያውቀዋል። ጎረቤቴ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ "ለመሆኑ አውራ ዶሮህን መቼ ነው ከቤት የምታስወጣው? እሱም ወንድ ነው እኮ!" ብሎኝ ሽማግሌው ሁሉ ሳቀብኝ።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት አረገዘች። አልነገረችኝም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ዓይን እንዳይበላት ሆዷን ከሰው ትሸፍናለች፤ እሷ ግን ከእኔም ሸፈነችው። የወጥ ሽታ እያስጠላት ስትወጣ ስትገባ አይቼ ጠረጠርሁና ጠየቅኋት።

"ዝም ይበሉ፣ ስሙን አይጥሩት!" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከጠሩት ይሄድብኛል።"

ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደምትፈራ ያየሁት። ለእኔ ልጅ ሲደመር ልጅ ነው። ለእሷ ግን መካን ብሎ የመለሳትን ሰው፣ ያወሩባትን ሴቶች፣ ያን ሁሉ የሚዘጋ አንድ ልጅ ነው።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከእኔ በፊት ታውቅ ኖሯል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትትል ጀምሪ ብላት ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ይህንንም በኋላ ነው የሰማሁት።

"ማናት እዚያ የምታይሽ?" አልኋት።

"ወንድ ነው።"

"አዋላጅ ሆኖ ወንድ?"

"ተምሮ ነዋ የመጣ።"

"ምኑን ነው የተማረው?"

"ይህንኑ! ሌላ ምን ይማራል?" ብላ ሳቀች።

ያን ሰው ሳላየው ጠላሁት። እሷ ደግሞ እየቆየች ነገሩን በጥቂት በጥቂቱ ታወራልኛለች። እንደ ቀንድ ያለች ዕቃ ሆዷ ላይ አስደግፎ፣ ጆሮውን ገጥሞ፣ የልጁን ልብ ያዳምጣል አለችኝ። "እንደ ፈረስ ይጋልባል አለኝ" አለችና ፊቷ በራ። እኔ አንድ ቀን ጆሮዬን ላስጠጋ ብል "ይተዉ፣ ያሳፍራል" ብላ የገፋችኝ ሴት ናት። የልጄን ልብ ከእኔ በፊት ሌላ ወንድ ሰማው። ስንት ቀን ይህን በልቤ እያላመጥሁ ከረምሁ።

ኅዳር ላይ ገብሳችንን አውድማ አግብተን ስንወቃ ሰባት ወር አልፏታል። አንድ ቀን ወገቤን ቆረጠኝ አለች። በማግሥቱ ሽንቴ ያቃጥለኛል አለች። ከዚያ ትኩሳት መጣ። እኔ ምች ነው አልሁ፤ ፀሐይ ላይ ገብስ ስታበጥር ነበረች። ዳማ ከሴ ቀጥቅጬ ጭማቂውን አጠጣኋት። ለጥቂት ጊዜ አላባትና መለስ አለላት፤ ከዚያ ተመልሶ ያዛት።

"ጤና ጣቢያ ልሂድ" አለች።

"አብሬሽ እሄዳለሁ" አልሁ። ስላዘንሁላት ብቻ አይደለም። ሰውዬውን ላየው ፈልጌ ነው።

በቅሎ ላይ አስቀምጬ ወሰድኋት። አዋላጁ ልጅ እግር ነው። ጢሙ ገና ስስ ነው፤ ጥፍሩ የጸዳ፣ እጁ የለሰለሰ ነው። የራሴን እጅ አየሁና ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁት፤ እርፍ ያደረቀው እጅ ነው። ገና በሩ ላይ ሲያያት፣

"እህቴ! ቆየሽብኝ እኮ" አላት።

ቆየሽብኝ! በእሱ ላይ የምትቆይበት ምን ነገር አለ? ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ወንበር ሳበልኝ። "ይቀመጡ አባቴ። አባቷ ነዎት?"

"ባሏ ነኝ።"

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም።" ሚስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትኩሳት ላይ ሆና ትከሻዋ በሳቅ ሲነቀነቅ አየሁት።

መረመራት፣ ጠየቃት። ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥቶ ሽንት ይዘሽ ነይ አላት። እኛ ከመግባታችን በፊት በር ላይ ቆሜ የሌላ ሴት ዕቃ ሲቀበል አይቼዋለሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ቀጭን ወረቀት ይነክርበታል፣ ከዚያ የወረቀቱን ቀለም ብልቃጥ ላይ ካለው ቀለም ጋር ያስተያያል። ለዚያች ሴት ባል አዝኜለት ነበር።

መጸዳጃው ከኋላ ነው። ገብታ ቆየችና ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። "ይያዙልኝ፣ ትንሽ ልረፍ" ብላ ዕቃውን ሰጥታኝ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ዕቃውን አየሁት። ድፍርስ ነው፣ አተላ ይመስላል፣ ይሸታል። ይህን ነው እንግዲህ ያ ጥፍረ ንጹሕ ብርሃን ላይ አንሥቶ የሚያየው። ይህን ነው የሚያሸተው። እኔ ባሏ ሆኜ አይቼው የማላውቀውን።

ደፋሁት። ገባሁና የራሴን ሞላሁበት። ብዙ ያሰብሁ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው በሬው ሌላ ማሳ ሲገባበት ሮጦ እንደሚመልሰው ነው የሆንሁት።

ልጁ ወረቀቱን ነከረ፣ አየ፣ እንደገና አየ። አገጩን አከከ።

"ንጹሕ ነው" አለ። "የምትነግረኝ ሁሉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው ይላል።"

"ምች ነው ብያለሁ" አልሁ።

ተመለከተኝ፤ አልተከራከረኝም። የትኩሳት ክኒን ሰጣት። "እስከ ተነገ ወዲያ ካልተሻለሽ ተመለሽ፣ ሌላ ሽንት እናያለን" አላት። በመንገድ ላይ እያፏጨሁ በቅሎዋን ስቤ መጣሁ። አሸንፌ መምጣቴ ነበር። እሷ በቅሎዋ ላይ እንዳቀረቀረች ቤት ደረስን።

ተነገ ወዲያ ሲሆን አልወሰድኋትም። ሌላ ሽንት ያለውን እያሰብሁ አውድማ ዋልሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጥርሷ እስኪንቀጫቀጭ አንቀጠቀጣት። ሁለት ጋቢ ብደርብላትም አልሞቃት አለ። ከዚያ ሆዷን ያዘች።

"ይጠነክራል፣ ይለቃል" አለች። "ጊዜው አይደለም። ወደዚያ ልጅ ይውሰዱኝ።"

ወደ ጤና ጣቢያ አላለችም። ወደዚያ ልጅ አለች። እናንተ ሆዬ፣ ከፍርሃቱ በፊት ቅናቱ ነው የደረሰብኝ። ሚስቴ ልትሞትብኝ ስትችል፣ ልጇ ሊወጣባት ሲል፣ እኔ የሰማሁት "ያ ልጅ" የሚለውን ነው። ጠበል ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ።

ንስሐ አባቴን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠበሉን ልጠይቅ ሄጄ አፌ ሌላ ተናገረ።

"አባ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።"

"ሴት ነው?"

"ሽንት ነው።"

መቋሚያቸውን አስተካክለው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። አልሳቁም።

"አንተ ሰው፣ ይህን ለእኔ የምትነግረኝ መርፌ የምወጋ መስዬህ ነው?"

"ቀኖና ይስጡኝ ብዬ ነው፣ አባ።"

"ቀኖናህ ይኸውልህ። ለዚያ ልጅ በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ፣ እሷም እየሰማች። ጠበሉን እኔ ይዤ እደርሳለሁ፤ አንተ ሂድና ቃሬዛ አሠራ። ተነሥ!"

አምቡላንስ እኛ መንደር አይወጣም። አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸከሟት። አራት ጎረምሳ ሚስቴን ተሸክሞ እኔ ፊት ፊት ስሄድ ያ የተረገመ ነገር እዚያም አልተወኝም። አንዱ "አይዞሽ እትዬ" ሲላት ዞሬ አየሁት። ቃሬዛው ቁልቁለቱ ላይ ሲያዘነብል እሷ ስታቃስት ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ማንም አልዞርሁም።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ አዋላጁ ልጅ ከቃሬዛው ላይ እጇን ይዞ ተቀበላት። ካርዷን አወጣና አነበበ።

"ሽንቷ ንጹሕ ነበር" አለ ለአንዲት ነርስ። "እንግዲህ ከየት ነው ይህ ሁሉ ትኩሳት? ወባ ይሆን? ከደረቷ ይሆን? ቶሎ ደሟን ውሰጂ።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የጻፈውን አምኖ ሌላ ቦታ ሲፈልግ አየሁት። በሬ ጠፍቶብኝ በምሥራቅ እያለ በምዕራብ ስፈልግ የዋልሁበትን ቀን አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ ይህን በሬ የደበቅሁት እኔ መሆኔ ነው። ሚስቴ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ታያለች።

"ያ ሽንት የእሷ አይደለም" አልሁ።

"የቱ ሽንት?"

"የዚያን ቀኑ።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"የእኔ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ለምን?"

"አንተ እንድታየው አልፈለግሁም።"

ሚስቴ አንገቷን አዙራ አየችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር። "ንጹሕ ነሽ ሲለኝ ያን ቀን ራሴን ጠረጠርሁ" አለች። "የሚያቃጥለኝ አያቃጥልሽም ሲሉኝ፣ ልጁን የፈራሁት አብዝቼ ነው፣ አእምሮዬ ነው ብዬ አራት ቀን ዝም አልሁ።" ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ልጁ ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነሥቶ ወደ መድኃኒቱ ክፍል እየሮጠ፣ በሩ ላይ ዞር አለና፣ "እንግዲህ የእርስዎ ኩላሊት ደህና ነው፣ አባቴ፤ ደስ ይበልዎ" አለኝ። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ጉሉኮስ ሰቀለላት፣ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጣት። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሆዷን በእጁ እየያዘ ሰዓቱን ያያል። አልቻልሁም፤ ጠየቅሁት።

"ልጁ ላይ ደርሷል በሽታው?"

"ጀርሙ ወደ ኩላሊቷ ወጥቷል። ልጁ ጋ አልደረሰ ይሆናል።"

"ካልደረሰ ታዲያ ምጥ ለምን ያዛት?"

"ጀርሙ ብቻ እኮ አይደለም ጉዳት የሚያመጣው" አለ። "ሰውነቷ ጀርሙን ሊወጋ ሲነሣ ይነድዳል፤ ብግነት እንለዋለን። ትኩሳቱም መንቀጥቀጡም ከዚያ ነው። ያ ብግነት ኩላሊቷ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ከደሟ ጋር ይዞራል። ማህፀኗ ጋ ሲደርስ ማህፀኑ የመውለጃው ቀን የደረሰ ይመስለዋል።"

"የገዛ ሰውነቷ?"

"የገዛ ሰውነቷ። ያረገዘች ሴት ሰውነት አመሉን ይለውጣል። ልጁ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ ለእሷ ሰውነት ባዕድ ነው። ባዕድ ገባብኝ ብሎ እንዳይወጋው ይታገሠዋል። ሌላ ጠላት ገብቶ ሲያስቆጣው ግን ያ ትዕግሥት ይናጋል።"

 ሰውነቷ የእኔን ዘር፣ የማያውቀውን፣ ሰባት ወር ሙሉ ታግሦ ተሸክሞታል። እኔ አንድ ዕቃ ሽንት አልታገሥሁም።

"አንድ ውሻ ነበረኝ" አልሁት። "ቀበሮ ሲመጣ በጨለማም በብርሃንም አይፈራም። ግን ደሙ ከፈላ ቀበሮውንና በጉን አይለይም። ስንት በግ ነከሰብኝ።"

"እንደዚያ ነው!" አለ ልጁ፣ ተደስቶ።

ከአልጋው ላይ ሚስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ውሻውስ አንቱ ነዎት" አለች።

ልጁ ሳቁን ዋጠው። 

አምቡላንሱ ወደ ሆስፒታል ወሰደን። ለልጁ ሳንባ የሚሆን መርፌ ወጓት፤ ምጡን ሁለት ቀን ያህል አቆዩላት። ከዚያ በላይ አልያዘላቸውም። ሴት ልጅ ወለደች፤ በአንድ መዳፌ የምትያዝ፣ ቆዳዋ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለች። ድምፅዋ ለመሰማት ይከብዳል። እናቷ ገና ትኩሳቷ አልለቀቃትም ነበርና አንዲት ነርስ መጥታ ሸሚዝዎን ያውልቁ አለችኝ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ሕፃኗ ገላ ለገላ ሆና ነው የምትሞቀው። እናቷ እስክትነሣ እርስዎ ይያዟት።"

ሴቶች በሞሉበት ክፍል፣ የሸበተ የደረት ፀጉሬን አውጥቼ ተቀመጥሁ። ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኝተው በጨርቅ አሰሩብኝ። ስትተነፍስ የጉንዳን ያህል ነው የሚሰማኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝና፣

"ኧረ ይሸፈኑ፣ ሰው አየዎት!" አለችኝ።

ከውሻው ነገር ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቀልድ እሱ ነው። ይሸፈኑ ስትለኝ ግን አልተሸፈንሁም። ለብዙ ቀን እየተቀያየርን ያዝናት።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ "ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትና አባቱ ያ ልጅ እንዲሆን አስቤ ነበር" አለችኝ። ሴት ልጅን ክርስትና የምታነሣት ሴት ናት። እግዚአብሔር ይመስገን ሴት ናት አልሁ በልቤ። እሷ ግን የልቤን ሰምታ፣ "አውቄያለሁ ምን እንዳሉ" አለች።

ልጅቷ ዛሬ ትሮጣለች። በእግሯ የሄደችው ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው፤ ብርድ ሲነካት ደረቷ ቶሎ ይያዛል። ያን ዕቃ ባልደፋው ኖሮ ወሯን ጨርሳ ትወለድ እንደሆነ አዋላጁን ጠይቄው ነበር። "ያን ማወቅ አይቻልም፣ አባቴ" አለኝ። ሸክሜን ያቀለለልኝ መስሎት ነው። አላቀለለልኝም። ስታስል በሰማሁ ቁጥር ያ ድፍርስ ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከወለደች ወዲያ፣ ኩላሊቷ መዳኑን ለማየት ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰን ሄድን። ልጁ ያችኑ የመሰለች ዕቃ አውጥቶ ሰጣት። እጄን ዘረጋሁ፤ ከልማድ ነው እንጂ ሌላ አስቤ አይደለም። ሚስቴ ዕቃውን ወደ ጎን አሸሸችው።

"አንቱ እዚያ ይቀመጡ" አለች አግዳሚውን እያሳየችኝ። "ልጅቷን ይያዙ።"

ተቀመጥሁ። ልጅቷን ጋቢዬ ውስጥ አስገባኋት። እሷ ራሷ ይዛ ተመለሰችና ለእሱ በእጁ ሰጠችው። ወደ መስኮቱ ሄደ። ብርሃን ላይ አነሣው። አገላበጠው። እኔ ዓይኔን አላዞርሁም፤ እስከ መጨረሻው አየሁት። ወረቀቱን ነከረ፣ ከብልቃጡ ቀለም ጋር አስተያየ።

"ንጹሕ ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የማን ነው ግን?" አለ።

"የእሷ ነው" አልሁ።

ሚስቴ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ያንኑ የገበያውን ሳቅ። የሳቀችው ለእሱ ነው። ቅናቱ እንደ ድሮው ተነሣብኝ። ልጅቷ ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ደረቴ ጠጋ አድርጌ ያዝኋትና ሳቋን ስቃ እስክትጨርስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።